ረቂቁንም አሳዩን፦ ፍራኪንግን በግብራችን ለሚያስጠኑ የአሜሪካ መሥሪያ ቤቶች ግልጽ ደብዳቤ

ለአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣
ለኤጀንሲው የሳይንስ አማካሪ ቦርድ፣
በጀቱን ለሚያጸድቁ የኮንግረስ ኮሚቴዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

እዚሁ አሜሪካ የምኖር ግብር ከፋይ ነኝ። ለዓመታት የሠራሁት የውሃ ናሙና በሚመረመርበት ላብራቶሪ ነው። ደብዳቤውን በአማርኛ የጻፍኩት ከእናንተ በፊት እንዲያነቡት የምፈልጋቸው ሰዎች ስላሉ ነው። እንደኔው ግብር እየከፈሉ «ይሄ የፈረንጆቹ ጉዳይ ነው» ብለው የተቀመጡ ወገኖቼ ናቸው። ለእናንተ አስተርጓሚ አይጠፋም። ዓመቶቹን በሙሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጉዳዬ ፍራኪንግ ነው። ይከልከል ወይስ ይቀጥል የሚለው ክርክር ግን ለዛሬ ይቆየኝ። እኔን የሚያሳስበኝ በሕዝብ ገንዘብ የሚሠራው ጥናት ነው። ማን ይከታተለዋል? በመሀል ሲለወጥስ ማን ያያል?

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩ ባጭሩ ይሄ ነው። ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከኪሎ ሜትር በላይ ወደ ታች ይቆፈራል። ከዚያ ወደ ጎን ይታጠፍና ሼል በሚባለው ጥቅጥቅ ያለ ድንጋይ ውስጥ ይሄዳል። ውሃ፣ አሸዋና ኬሚካል በከፍተኛ ግፊት ይገባበታል። ድንጋዩ ይሰነጠቅና ጋዙ ወይም ድፍድፍ ዘይቱ ይወጣል። ኤጀንሲው ራሱ እንዳሰላው ከ2011 እስከ 2013 መጀመሪያ ድረስ ለአንድ ጉድጓድ የሚገባው መካከለኛ የውሃ መጠን 1.5 ሚሊዮን ጋሎን ነበር። ከገባው ውሃ የተወሰነው ከመሬት ውስጥ ጨውና ሌላም ሌላም ይዞ ይመለሳል። ያ ውሃ የት ይሄዳል? በመንገዱ ላይ የሰው መጠጥ ውሃ ያገኛል ወይ? ጥናቱ የተጀመረው ይህንን ለመመለስ ነው።

ኮንግረስ ኤጀንሲውን «አጥና» ያለው በ2010 በጀት ዓመት ነው። የጥናቱ እቅድ በ2011 ወጣ። ረቂቁ ጁን 2015 ላይ ይፋ ሆነ። ወደ ሺህ ገጽ የሚጠጋ ሰነድ ነው። ውስጡን ላነበበው ብዙ ነገር አለው። በሰሜን ዳኮታ ኪልዲር አካባቢ በ2010 ከቁጥጥር ውጪ የሆነ ጉድጓድ የከርሰ ምድር ውሃ እንደነካ ይናገራል። የሲሚንቶና የብረት ቱቦ ብልሽት፣ መሬት ላይ የፈሰሰ ኬሚካል፣ ያለ በቂ ማጣሪያ ወንዝ የገባ ፍሳሽ፣ ሁሉም አለ። ማጠቃለያው ላይ ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር ተቀመጠች። በግርድፉ ስትተረጎም፦ «እነዚህ መንገዶች በአሜሪካ የመጠጥ ውሃ ምንጮች ላይ የተስፋፋና ሥርዓታዊ ጉዳት ማድረሳቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘንም።»

በቃ። ሺህ ገጹ ተረሳ። ጋዜጣዊ መግለጫው ርዕሱ ላይ ይዟት ወጣ። በማግስቱ በየጋዜጣው «ፍራኪንግ ውሃ አይበክልም» የሚል ወሬ ተነዛ። ማን ሺህ ገጽ ያነባል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ጋዜጠኛውም አያነብ፣ የምክር ቤት አባሉም አያነብ።

የሳይንስ አማካሪ ቦርዱ ግን አነበበ። ምስጋና ይገባዋል። 30 ባለሙያዎች ያሉት ፓነል ረቂቁን በአደባባይ ገመገመ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ከዲሞክ፣ ዋዮሚንግ ውስጥ ከፓቪልየን፣ ቴክሳስ ውስጥ ከፓርከር ካውንቲ የውሃ ብክለት ጉዳይ ያላቸው ሰዎች እየቀረቡ ተናገሩ። ኦገስት 2016 ላይ ቦርዱ ለኤጀንሲው ደብዳቤ ጻፈ። ያቺ ዓረፍተ ነገር በቁጥር አልተደገፈችም አለ። የሦስቱን ቦታዎች ታሪክም በመጨረሻው ሰነድ ውስጥ አካቱ አለ። አራት የፓነሉ አባላት በዚህ አልተስማሙም፤ ዓረፍተ ነገሯ ግልጽ ናት ብለው የልዩነት ሐሳባቸውን አስመዘገቡ። እሱም ጥሩ ነው። የልዩነት ሐሳብ ከነስሙ ሲመዘገብ ደስ ይለኛል።

ዲሴምበር 2016 የመጨረሻው ሪፖርት ወጣ። ዓረፍተ ነገሯ የለችም። በምትኩ ፍራኪንግ በአንዳንድ ሁኔታዎች የመጠጥ ውሃን ሊጎዳ እንደሚችል፣ ስፋቱን በአገር ደረጃ ለመለካት ግን ዳታው እንደማይበቃ ተጻፈ። ሪፖርቱ ሊወጣ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደግሞ የኤፒኤም ሪፖርትስና የማርኬትፕሌስ ጋዜጠኞች ሰነድ አገኙ። በሰነዱ መሠረት የ2015ቱ ማጠቃለያ አደጋውን አሳንሶ እንዲያሳይ የተደረገው ሰነዱ ሊታተም ሳምንታት ሲቀሩት ነው።

ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፋት?

ለምን እንደምጠይቅ ከሥራዬ ተነስቼ ላስረዳ። የጉድጓድ ውሃ ናሙና ሲወሰድ 40 ሚሊ ሊትር የምትይዝ ትንሽ የመስታወት ጠርሙስ አለች። እንደ ቤንዚን (benzene) ያሉ ቶሎ የሚተኑ ኬሚካሎችን ለመመርመር ነው። ውሃው በቀስታ ይሞላል፤ አፏ ላይ ትንሽ ጉብ እስኪል። ከዚያ ክዳኗ ይጠበቃል። ትገለበጥና በጣት መታ መታ ይደረጋል። ውስጧ የአየር አረፋ ከታየ ትጣላለች፤ ኬሚካሉ ወደ አረፋው ሊያመልጥ ስለሚችል እንደገና ይቀዳል። ከዚያ በረዶ ያለበት ሣጥን ውስጥ ትገባለች። አብሯት የመረካከቢያ ቅጽ ይሄዳል። ማን ቀዳት? በስንት ሰዓት? ለማን አስረከበ? ያኛውስ ለማን? እያንዳንዱ እጅ ይፈርማል። አንድ ፊርማ ከጎደለ ውጤቱ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ጠበቃ አንስቶ ይጥለዋል። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ቅጹ ላይ ሰዓት ያልሞላ ሰው ማታ ቤቱ ስልክ ይደወልለታል።

እንግዲህ ይታያችሁ። ሦስት ማንኪያ የማትሞላ ውሃ ጉዞ በፊርማ ይጠበቃል። ለ320 ሚሊዮን ሕዝብ የተነገረችው ዓረፍተ ነገር ግን በማን እጅ አልፋ እንደመጣች የሚያሳይ ቅጽ የለም። እኔ የምጠይቀው ለማጠቃለያውም የመረካከቢያ ቅጽ እንዲኖረው ነው። ረቂቅ አንድ፣ ረቂቅ ሁለት፣ ረቂቅ ሦስት፤ ምን ተቀየረ፣ የትኛው መሥሪያ ቤት አስቀየረ። ከዋይት ሐውስ የመጣ አስተያየት ካለ እሱም ይቀመጥ።

«እንዲህ ያለ አሠራር የለንም» እንዳትሉኝ። አላችሁ። የኬሚካሎችን መርዛማነት በሚገመግመው አይሪስ በሚባለው ፕሮግራማችሁ ከዋይት ሐውስና ከሌሎች መሥሪያ ቤቶች የሚመጣ የጽሑፍ አስተያየት ከ2009 ጀምሮ የሕዝብ መዝገብ ውስጥ እንዲገባ ደንብ ወጥቷል። ለአንድ ኬሚካል የሚሆን ደንብ ለሺህ ኬሚካል ጥናት የማይሆንበት ምክንያት አይገባኝም። የፍራኪንጉ ሪፖርት የዘረዘራቸው ኬሚካሎች 1,606 ናቸው፤ ወደ ጉድጓድ የሚገቡትና ተመልሰው ከሚወጡት ጋር ማለት ነው። ከሚገቡት 1,084 ውስጥ ለረጅም ጊዜ ቢጠጡ ምን ያህሉ እንደሚጎዳ የሚታወቅ መለኪያ የተገኘላቸው 98 ብቻ ናቸው። ከአስሩ አንዱ እንኳ አይሞላም።

ነገሩ አዲስ ቢሆን ኖሮ በዚች ዓረፍተ ነገር ይሄን ያህል ሙጭጭ አልልም ነበር። ግን ከዚያ በፊትም ታይቷል። በ2004 ኤጀንሲው ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ሚቴን የተባለ ተቀጣጣይ ጋዝን በተመለከተ ፍራኪንግ ለመጠጥ ውሃ ያለው ስጋት ትንሽ ነው ወይም የለም፣ ተጨማሪ ጥናትም አያስፈልግም ብሎ ነበር። የራሱ መሐንዲስ ዌስተን ዊልሰን በዚያው ዓመት ለኮንግረስ አባላት ደብዳቤ ጻፈ። ከሰባቱ ገምጋሚዎች አምስቱ የጥቅም ግጭት ያለባቸው ይመስላል አለ። ሰሚ አላገኘም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2005ቱ የኢነርጂ ሕግ፣ ፍራኪንግ ናፍጣ እስካልተጠቀመ ድረስ ከመጠጥ ውሃ ደህንነት ሕጉ የጉድጓድ ፈቃድ ግዴታ ነፃ ወጣ። ሰው በፍራኪንግ ኩባንያው በሃሊበርተን ስም «የሃሊበርተን ቀዳዳ» የሚለው እሱን ነው። የጥናት ማጠቃለያ ወረቀት ላይ ብቻ አይቀርም የምለው ለዚህ ነው። ሕግ ይሆናል።

ሁለተኛው ነገሬ ያልተለካው ነው። ይሄኛው ከዓረፍተ ነገሯም በላይ ያናድደኛል።

የ2011ዱ እቅድ ሁለት ዓይነት የመስክ ጥናት ነበረው። አንደኛው ቅሬታ የተነሳባቸውን አምስት ቦታዎች ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ነው፤ ሰሜን ዳኮታ፣ ቴክሳስ፣ ኮሎራዶና ፔንስልቬንያ ውስጥ ሁለት። ይሄ ተሠራ። ሌላው ግን ዋናው ነበር። ቁፋሮ ሳይጀመር ውሃውን መለካት፣ ሲቆፈር መለካት፣ ፍራኪንግ ሲደረግ መለካት፣ ካለቀ በኋላም መለካት። ለዚህ ሉዊዚያና ውስጥ ዲሶቶ ፓሪሽ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ዋሽንግተን ካውንቲ ተመርጠው ነበር። አልተሠራም። ከኩባንያዎቹ ጋር ቦታና ጊዜ መስማማት አልተቻለም ተብሎ ቀረ።

ይሄ በላብራቶሪ ሰው ዓይን ምን ማለት መሰላችሁ? ሚቴን በብዙ ቦታ ከፍራኪንግ በፊትም በጉድጓድ ውሃ ውስጥ ይኖራል። ስለዚህ አንድ ገበሬ «ውሃዬ ይነዳል» ቢል መጀመሪያ የሚጠየቀው «ድሮስ?» ነው። የድሮው ካልተለካ ኩባንያው ንጹህ ነኝ ይላል፣ ገበሬው ተበከልኩ ይላል፣ ሁለቱም ማስረጃ የላቸውም። ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ምርመራ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። «ማስረጃ አላገኘንም» ለማለት ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ደግሞ ማስረጃው የሚገኝበትን መለኪያ መተው ነው። ሆን ተብሎ ነው እያልኩ አይደለም። ግን ያ ዋና የመስክ ጥናት ሲቀር አገር መስማት ነበረበት። የቀረው በማን ምክንያት ነው? ኮንግረስ አስገድዶ ማስጀመር ይችል ነበር ወይ? ይሄ ሁሉ በሪፖርቱ ገጾች መሀል በጥቂት መስመር የሚታለፍ አይደለም።

ተጀምሮ የተተወም አለ። ፓቪልየን ላይ ኤጀንሲው ዲሴምበር 2011 ረቂቅ አወጣና ብክለቱን ከፍራኪንግ ጋር አያያዘ። ከዚያ በ2013 ጉዳዩን ለዋዮሚንግ ግዛት አስረክቦ ወጣ። ለግዛቱ ምርመራ 1.5 ሚሊዮን ዶላር የሰጠው ማን ነው? እዚያው ጋዝ ያወጣ የነበረው ኢንካና የተባለው ኩባንያ። የዲሞክ ታሪክ ደግሞ ይበልጥ ይገርማል። በ2012 ኤጀንሲው ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም ብሎ ዘጋው። አሥር ዓመት አለፈ። በ2022 ኮቴራ የተባለው ኩባንያ፣ የድሮው ካቦት ማለት ነው፣ ፍርድ ቤት ቀርቦ ውሃ በመበከል የቀረበበትን ክስ አልከራከርም አለ፤ ለነዋሪዎቹ የቧንቧ ውሃ መስመር 16.29 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። አሥር ዓመት ሙሉ ውሃ ከሱቅ እየገዛ የኖረ ሰው «ተጨማሪ እርምጃ አያስፈልግም» የሚለውን ወረቀት ምን ያድርገው?

ዩኒቨርሲቲዎቹንም ልንካ። በ2012 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ፍራኪንግ የከርሰ ምድር ውሃ መበከሉን የሚያሳይ ማስረጃ የለም የሚል ሪፖርት አወጣ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥናቱን የመራው ፕሮፌሰር በዚያው ጊዜ የአንድ ቆፋሪ ኩባንያ የቦርድ አባል ሆኖ ይከፈለው እንደነበር ሪፖርቱ ላይ አልተጻፈም። ነገሩ ሲወጣ ገለልተኛ አጣሪ ቡድን ተቋቋመ። ፕሮፌሰሩ ጡረታ ወጣ፣ የተቋሙ ኃላፊ ለቀቀ፣ ሪፖርቱም ተነሳ። የጥቅም ግንኙነት መኖሩ ብቻውን ጥናትን ውሸት አያደርገውም። መደበቁ ግን እውነቱንም ጭምር ያረክሰዋል።

ይሄን ሁሉ ስል «የኩባንያ ጠላት ነው» የሚለኝ አይጠፋም። እንግዲያው ሌላውን ወገንም እንይ። ኦሃዮ ውስጥ የሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለተከታታይ ዓመታት የጉድጓድ ውሃ ለክተው ሚቴኑ ከፍራኪንግ መምጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። ውጤቱን በ2016 ለነዋሪዎች ነገሩ፤ በመጽሔት የታተመው በ2018 ነው። በመሀል የኢንዱስትሪው ደጋፊዎች «ለምን አይወጣም» ብለው ጮኹ። ልክ ናቸው። ለምንወደው ውጤት አንድ ሰዓት፣ ለማንወደው ሌላ ሰዓት ሊኖር አይገባም። የፔንስልቬንያውም እንዲሁ ነው። ወላጆች በልጆቻቸው ላይ ብርቅ የአጥንት ካንሰር በዝቶብናል ብለው ስለጮኹ ግዛቱ በ2019 3 ሚሊዮን ዶላር መደበ፤ የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ አጠና። በ2023 የወጣው ውጤት ማንንም ሙሉ በሙሉ አያስደስትም። ወላጆቹ ከፈሩት ካንሰር ጋር ግንኙነት አልተገኘም። በጋዝ ምርት ወቅት ግን የአስም መባባስ ጠንካራ ግንኙነት አሳየ። ከጉድጓድ አንድ ማይል ውስጥ የሚኖሩ ልጆች ሊምፎማ በተባለው ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከአምስት እስከ ሰባት እጥፍ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ነው ጥናት። ያልጠበቅከውን ይነግርሃል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለኝ፤ «ግልጽነት» በሚል ስም የሚመጣውን ሁሉ አሜን ብዬ አልቀበልም። በ2017 የኤጀንሲው ኃላፊ ከኤጀንሲው የምርምር ገንዘብ የሚቀበል ሳይንቲስት አማካሪ ቦርድ ላይ አይቀመጥ ብለው ነበር። ገለልተኝነት ለመጠበቅ ነው ተባለ። ከኩባንያ ደመወዝ የሚቀበለው ግን ተመሳሳይ ክልከላ አልነበረበትም። ጉድ እኮ ነው! በ2020 ፍርድ ቤት ሻረው። በጃንዋሪ 2021 ደግሞ ጥሬ ዳታው ለሕዝብ ክፍት ያልሆነ ጥናት ክብደቱ እንዲቀንስ የሚያደርግ ደንብ ወጣ። ሲሰሙት ጥሩ ይመስላል። የሰው የሕክምና ካርድ ግን በሕግ ሚስጥር ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚወድቁት የጤና ጥናቶች ናቸው። እሱንም ፍርድ ቤት በወሩ ሻረው። የሕመምተኛ ስም ይሸፈን፤ የሸፈነው ማን እንደሆነና ለምን እንደሸፈነ ይጻፍ። የኩባንያ ሚስጥር ግን ሌላ ነገር ነው። ኤጀንሲው ኩባንያዎች የተጠቀሙትን ኬሚካል የሚያስመዘግቡበት ፍራክፎከስ የተባለው መዝገብ ውስጥ ያሉ ከ39 ሺህ በላይ ቅጾችን ሲያገላብጥ ከ70 በመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ቢያንስ አንድ ኬሚካል «የንግድ ሚስጥር» ተብሎ ተሸፍኗል። የበሽተኛን ስምና የኬሚካልን ስም እኩል አድርጎ ማየት ከየት የመጣ ሚዛን ነው?

አሁን ለምን ጻፍኩ? በጃንዋሪ 2025 የሳይንስ አማካሪ ቦርዱ አባላት ተሰናበቱ። በጁላይ ደግሞ ኤጀንሲው የምርምርና ልማት ቢሮውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የፍራኪንጉን ጥናት የሠራው ያ ቢሮ ነው። ቢሮ ይዘጋል፣ ሰው ይሄዳል፣ ኮምፒውተር ይሰበሰባል። ፋይሉስ? ላብራቶሪ ሲዘጋ አይቻለሁ። ማቀዝቀዣዎቹ ይሸጣሉ፣ ደብተሮቹ ካርቶን ውስጥ ይገባሉ። ካርቶኑ ላይ የጻፈው ሰው ሥራ ሲቀይር ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቅ አይኖርም።

ለኮንግረስ ኮሚቴዎች የምለው ይሄ ነው። ከአሁን ወዲያ ለፍራኪንግ ጥናት የምታጸድቁት ዶላር ሁሉ ቁፋሮ ከመጀመሩ በፊት የሚደረግን ልኬት ግዴታ ያድርግ። የእቅዱ አንድ ክፍል ሲሰረዝ ምክንያቱ ከነስሙ በ30 ቀን ውስጥ ይፋ ይሁን። የገምጋሚዎች የገንዘብ ግንኙነት ሪፖርቱ መጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል አይሆንም። ከተጎዱት ካውንቲዎች የመጣ ሰውም ሦስት ደቂቃ ተናግሮ የሚሸኝ እንግዳ ብቻ ሆኖ አይቅር፤ ፓነሉ ላይ ወንበር ይሰጠው።

ለኤጀንሲው ደግሞ ቀላል ጥያቄ አለኝ። በአምስቱ የመስክ ቦታዎች የተሰበሰበው ጥሬ ዳታ፣ የላብራቶሪ ደብተሮቹና የ2015ቱ ማጠቃለያ ረቂቆች ዛሬ በየትኛው መዝገብ ቤት፣ በየትኛው ኃላፊ እጅ ናቸው? ቢሮው ሲዘጋ ማን ተረከባቸው? የመረካከቢያ ቅጹን ድረ ገጻችሁ ላይ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ግብር ከፋይ